ክራሩና ሳክስፎኑ ትዝታ ላይ ለምን ይጋጫሉ?

ክራር፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ጊታርና ጀምቤ (በእጅ የሚመታ ከበሮ) ይዛችሁ ለስደተኞች ድጋፍ ስትጫወቱ ትዝታ ላይ የምትጋጩት ክራሩ በጆሮ፣ በድምፃዊው ልክ ስለሚቃኝ ነው። ሳክስፎን ብዙ አይስተካከልም፤ ክራሩ ወደ እሱ ይምጣ።

1. ሳክስፎኑ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ተነፍቶ ይሙቅ። ሲቀዘቅዝ ድምፁ ዝቅ ይላል።

2. ቲዩነሩን (የቅኝት መለኪያውን) 440 ኸርዝ ላይ አድርጋችሁ ክራሩን ለትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ቃኙት፤ ስድስተኛው ክር ላይኛው ሲ ነው። አልቶው ኤ ብሎ የሚነፋው ሲ ሆኖ ስለሚሰማ ለዚህ ሲ የራሱን ኤ ይነፋል።

3. ወደ ትዝታ ማይነር ስትሄዱ ኢ እና ኤ ብቻ በግማሽ ድምፅ ይውረዱ፤ ኢ ፍላትና ኤ ፍላት ይሆናሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ግን ጊታሩ ነው። ከማይነሩ ስር ሙሉ ሲ ሜጀር ኮርድ ከመታ የሱ ኢ ከክራሩ ኢ ፍላት ጋር ይፋጫል። ሲ እና ጂ ብቻ ይምታ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የናይለን ክር ቅኝቱ ሲቀየር ለጥቂት ደቂቃ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሜጀሮቹን አንድ ላይ፣ ማይነሮቹን አንድ ላይ ደርድሩና መሀሉ ላይ የስደተኞቹን ንግግር አስገቡ። ያን ጊዜ ክራሩ ወደ ማይነር ሲቃኝ መስመሩ ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቆጣጠሪያው) ይዘጋ፤ ክራሩ ላይ የሚቆነጠጠው ቲዩነር በንዝረት ስለሚሠራ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም። ሰው ስለ መንገዱ እየተናገረ ክር ጥንግ ጥንግ ካለ የሁሉም ዓይን ወደ መድረኩ ጥግ ይሄዳል። ሕዝቡ የተጠራው ደግሞ ያንን ንግግር እንዲሰማ ነው።