ጅሬን ከጅማ ከተማ ይቀድማል

ጅሬን ከተማው ሲሰፋ የተቆረቆረ ሰፈር ነው ወይስ ቀድሞ የነበረ መንደር ነው ብለው ለጠየቁት፣ ጅሬን ከከተማው በፊት ነበረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅማ ነገሥታት መናገሻ እርሱ ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ግን የተነሣችው ጅሬን ካለበት ኮረብታ በታች ከነበረውና ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ በግፍም ሰው ጭምር ይሸጡበት ከነበረው ከሂርማታ ገበያ ነው።

ስለዚህ ታሪኩን ሲጽፉ መንደሩ በከተማው ተዋጠ ከማለት ይልቅ፣ ሥልጣን ከኮረብታው ወደ ሜዳው እንዴት እንደ ወረደ ቢያሳዩ ይሻላል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1932 ሲያርፉ የጅማ ራስ ገዝነት አከተመ፤ ከ1936 እስከ 1941 ደግሞ ጣሊያኖች ቢሯቸውንና መንገዳቸውን በታችኛው ሜዳ ላይ ስለ ሠሩ፣ ጅሬን ቤተ መንግሥቱን እንደ ያዘ ዳር ሆኖ ቀረ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ይህ ቤት፣ ይህ መስጊድ በአባ ጅፋር ዘመን ተሠራ» ሲሉዎት ብዙዎች ወዲያው ዳግማዊውን ይጽፋሉ፤ ሆኖም ቀዳማዊው ከ1830 እስከ 1855፣ ዳግማዊው ከ1878 እስከ 1932 ስለ ገዙ፣ ልዩነቱ የትውልዶች ነው። «ከአባ ጎሞል በፊት ነው በኋላ?» ብለው ይጠይቁ፤ አባ ጎሞል በሁለቱ መካከል ስለ ነገሡ መልሱ ወዲያው ይለያል።