ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክል የቤት የአየር ሁኔታ መለኪያ፦ ለቨርጂኒያ የሚሆነው ለደብረ ብርሃን ይሆናል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን ያቀረቡትን ጥያቄ በደንብ አንብቤዋለሁ። ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክል ሽቦ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ አንድ ለራሳቸው ቨርጂኒያ ላለው ቤታቸው፣ አንድ ደግሞ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩትና በጓሯቸው ባቄላና ገብስ ለሚዘሩት አባታቸው ለመግዛት አስበዋል፤ ሁለቱንም ከአንድ ዓይነት ቢገዙ ያዋጣ እንደሆነና የትኞቹን ነገሮች አይተው መምረጥ እንዳለባቸው ጠይቀዋል። እኔ ይህን ዕቃ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ አዲስ አበባ ቤተሰቦቼ ዘንድም ወስጄ ተክያለሁ። በእኔ አስተያየት ከአንድ ዓይነት ሁለት መግዛቱ አይበጅም፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፉት ባሕርያት አብዛኞቹ፣ ሰዓቱም ጭምር፣ የሚሠሩት ወይም የማይሠሩት ዕቃው እንደሚሰቀልበት ቦታ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። «ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል» የሚለው ጽሑፍ ሦስት የተለያዩ አሠራሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ለይቶ አይነግርዎትም። አንደኛው በሬዲዮ ምልክት የሚሠራው ሲሆን፣ ሻጮች «አቶሚክ» እያሉ የሚጠሩት እርሱን ነው፤ አቶሚክ ሰዓቱ (በአተም ንዝረት ጊዜን እጅግ በትክክል የሚቆጥረው) ግን ያለው ጣቢያው ዘንድ እንጂ መሣሪያው ውስጥ አይደለም። በአሜሪካ ይህንን ምልክት የሚልከው ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ አጠገብ የሚገኘው ደብሊው ደብሊው ቪ ቢ የተባለው ጣቢያ ነው፤ ከ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ60 ኪሎኸርትዝ ሰዓቱንና ቀኑን ያለማቋረጥ ያሰራጫል። መልእክቱ በየሰከንዱ በትንሽ በትንሹ እየተላከ አንድ ደቂቃ ሲሞላ የሚጠናቀቅ በመሆኑ፣ ቤት ያለው መሣሪያ አንዱን ደቂቃ ከሌላው ጋር እያመሳከረ ትክክለኛነቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ በርካታ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ሁለተኛው አሠራር በዋይፋይ ከኢንተርኔት ሰዓት የሚቀበለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከየትም ምንም አይቀበልም፤ ፋብሪካው ሰዓቱን ሞልቶ በውስጡ ትንሽ ባትሪ አስቀምጦለታል፤ በማርችና በኖቬምበር የአሜሪካ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የሚደረግበትንም ቀን አስቀድሞ ጽፎለታል።

ለቨርጂኒያው ቤትዎ የሬዲዮው ዓይነት ጥሩ ነው፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ትዕግሥት ነው። ፎርት ኮሊንስ ከእናንተ አካባቢ ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ምልክቱ ቀን ቀን ደካማ ሆኖ ሌሊት ይጠነክራል፤ መሣሪያዎቹም ለዚሁ ሲባል ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚመጡት ሰዓታት እንዲፈልጉት ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ባትሪውን ከተው ወዲያው ሰዓቱ ካልተስተካከለ ተበላሽቷል ብለው ወደ ሱቅ አይመልሱት፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ይተዉት። ወደ ምዕራብ በሚመለከት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒውተር፣ ከስልክ ቻርጀርና ከኤልኢዲ መብራት ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ይረዳል። የብረት ምሰሶ ባላቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ጨርሶ አይሳካላቸውም፤ እንዲህ ያለ አፓርታማ ውስጥ ከሆኑ በዋይፋይ የሚሠራውን ቢመርጡ ይሻላል።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የኮሎራዶው ምልክት እዚያ እንደማይደርስ መገመት አያስቸግርም። ከአውሮፓ የሚመጡት መሣሪያዎች የሚከተሉት ደግሞ ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት አጠገብ ካለው የማይንፍሊንገን ጣቢያ በ77.5 ኪሎኸርትዝ የሚሰራጨውን ምልክት ሲሆን፣ እርሱም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሰማው እስከ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ትርቃለች። የእንግሊዙም፣ የጃፓኑም፣ የቻይናውም አይደርሱም። እንግዲህ በሬዲዮ የሚሠራ ሰዓት ኢትዮጵያ ውስጥ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ይህ ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ውስጡ ያለው ኳርትዝ (ጊዜ የሚቆጥረው ክሪስታል) በወር ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በላይ አይዛነፍም። ችግሩ የሚመጣው ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ከአሜሪካ የሰዓት ክልሎች ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው፣ ምልክት መፈለጉን የሚያጠፋ ቁልፍም በአንዳንዶቹ ላይ ስለማይገኝ ነው፤ መሣሪያው በየሌሊቱ የሌለ ጣቢያ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል። የአባትዎ ቤት አስተማማኝ ዋይፋይ ካለው ከኢንተርኔት ሰዓት የሚቀበለውን ይላኩላቸው፤ የኢትዮጵያን የሰዓት ክልል መርጠው አንድ ጊዜ ካስተካከሉት በኋላ የሚነካው ነገር የለም። ዋይፋይ ከሌለ ግን ሰዓቱ በእጅ የሚሞላ፣ ምልክት ፍለጋውም የሚጠፋ መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳይገዙ።

እዚህ ላይ ማንም ሻጭ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 7፡00 የሚል ስክሪን ማየት አባትዎን ደስ ላያሰኛቸው ይችላል፤ በእጅ የሚሞላ ከሆነ ስድስት ሰዓት ቀንሶ በአገራችን አቆጣጠር ማድረግ ይቻላል፤ እኔም ቤተሰቦቼ ዘንድ እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ነገር ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሙቀት መጠን በራሳቸው እኩለ ሌሊት ላይ ይሰርዙታል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ የመሣሪያው እኩለ ሌሊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ይህም ብርዱ እጅግ የሚበረታበት ሰዓት ነው። አባትዎ 1 ሰዓት ላይ ተነሥተው ሲያዩ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የወረደው ብርድ ከመዝገቡ ጠፍቶ ይጠብቃቸዋል። ከዚህም በላይ የ12 ሰዓቱ ብርድ ለሚያልፈውም ለሚመጣውም ቀን ይመዘገባል። ስለዚህ ዝቅተኛው ሙቀት በእጅ ሲነኩት ብቻ የሚሰረዝበትን ዓይነት ይፈልጉ፤ እርሳቸውም ማታ ከመተኛታቸው በፊት ቁልፉን ይጫኑት።

የውርጩን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ ለአባትዎ ከሁሉ የሚጠቅማቸው ባሕርይ ሰዓቱም ትንበያውም ሳይሆን የዝቅተኛ ሙቀት ማንቂያው ነው ብዬ አምናለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደመሆኗ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ባቄላውን ያቃጥለዋል። ማንቂያውን ግን 0 ዲግሪ ላይ አይሙሉት። ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ሌሊት መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ እየለቀቁ፣ በሰው ቁመት ላይ ከተሰቀለው ሴንሰር (ከቤት ውጭ ሆኖ ሙቀቱን ለክቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ክፍል) በጥቂት ዲግሪዎች ይቀዘቅዛሉ፤ ሴንሰሩ 3 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ አመዳይ ሊታይ ይችላል። 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ቢሞሉት፣ እርሳቸው ተነሥተው ችግኙን ለመሸፈን ጊዜ ያገኛሉ።

ሴንሰሩ የሚሰቀልበትን ቦታ በተመለከተ መመሪያው በሙሉ ማለት ይቻላል «በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ስቀሉት» ይላል። ለቨርጂኒያ ይህ ፍጹም ትክክል ነው፤ በእኩለ ቀን ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይ በእኩለ ቀን የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ የሰሜኑ ግድግዳ ያን ጊዜ ጥላ አይደለም። ስለዚህ በግድግዳው አቅጣጫ ከመተማመን ይልቅ፣ ሰፋ ያለ ታዛ ሥር ወይም ዙሪያውን አየር በሚያስገባ ነጭ የፀሐይ መከላከያ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩልና ሁለት ሜትር መካከል ከፍታ ላይ ቢሰቅሉት ይበጃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስጠግተው እንዳይሰቅሉት፤ ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ስለሚግል የሚነበበው የጣሪያው ሙቀት ይሆናል። ሴንሰሩ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገርበት ርቀት በካርቶኑ ላይ እስከ 100 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም፣ ያ በሜዳ ላይ ነው፤ በብሎኬት ግድግዳ፣ በብረት በርና በቆርቆሮ መካከል ሲሆን በእጅጉ ያጥራል። የአሜሪካዎቹ ሴንሰሮች በ433 ወይም በ915 ሜጋኸርትዝ ይሠራሉ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለሚላከው 433ቱን ይምረጡ፤ 915ቱ በአገር ቤት ለሞባይል ስልክ ከሚውለው የ900 ሞገድ ጋር ይጎራበታል።

አሁን ወደ ትንበያው እንምጣ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፀሐይ፣ የደመናና የዝናብ ሥዕል በተራዎቹ መሣሪያዎች የሚወሰነው ከሞላ ጎደል በአንድ ነገር፣ በአየር ግፊት መውጣትና መውረድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ትርጉም አለው፤ በብርድ ወራት አንድ ጠንካራ ማዕበል ሲቃረብ ግፊቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ) በላይ ሊወርድ ስለሚችል መሣሪያው ያስተውለዋል፤ የእኔው በአብዛኛው ታማኝ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ዝናቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ በዚያው በአካባቢው ከሚገነባ ደመና ሲሆን፣ ከቀን ወደ ቀን ግፊቱ እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው በየዕለቱ በተወሰነለት ሰዓት ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ወደ 2 ወይም 3 ሄክቶፓስካል ይጠጋል። ይህ በምድር ወገብ አካባቢ ያለ አገር ሁሉ የሚታይበት የከባቢ አየር ተፈጥሯዊ ውጣ ውረድ ነው። መሣሪያው ግን ይህን ስለማይለይ፣ በጥር በጋ ፀሐዩ ከረር ብሎ ሳለ የዝናብ ሥዕል ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ቤተሰቦቼ ያን ሥዕል ማየት ከተዉ ቆይተዋል፤ የሚያዩት ሙቀቱንና እርጥበቱን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የመግዣ ነጥብ አለ። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ እውነተኛው የአየር ግፊት ወደ 720 ሄክቶፓስካል ይጠጋል። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ሊለኩ የሚችሉት ከ850 በላይ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ከፍታ ቁጥሩ ቦታ ላይ ሰረዝ ከማሳየት አያልፉም። በዝርዝር መግለጫው ላይ የግፊቱ ዝቅተኛ ወሰን 600 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ይመልከቱ፤ የቦታውን ከፍታ በሜትር ማስገባት የሚቻል ከሆነም እስከ 3,000 የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። ለቨርጂኒያው ይህ ሁሉ አያሳስብም፤ እዚያ በአቅራቢያዎ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጣውን የግፊት መጠን አይተው አንድ ጊዜ ማስተካከል ይበቃል።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጥቂት ልበል። ቀለማማ ስክሪን ያላቸው ያለ አዳፕተር ዘወትር አይበሩም፤ የአሜሪካው አዳፕተር 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ አገር ቤት በ220 ቮልት ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይጠፋ መጠባበቂያ ባትሪ ድንጋይ የሚገባበት መሆን አለበት። እኔ ለአገር ቤት የምመክረው ቀለም የሌለውን፣ በባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚሠራውንና ቁጥሩ ትልልቅ የሆነውን ነው፤ ዋጋውም ያነሰ ነው፤ ለሽማግሌ ዓይንም ይቀላል። ለቨርጂኒያው የውጭ ሴንሰር ሊቲየም ባትሪ ይጠቀሙ፤ አልካላይኑ በከባድ ብርድ ስለሚዳከም ሴንሰሩ ድምፁን የሚያጠፋው ልክ በሚፈልጉት ሌሊት ነው።

የዝናብ መለኪያ ያለበትን ለመውሰድ ካሰቡ ለአባትዎ ደስ የሚል ተጨማሪ ነው፤ ሆኖም በክረምት ቅጠልና የሸረሪት ድር መግቢያውን ስለሚደፍነው በየጊዜው የሚያጸዳው ሰው ይፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት ያሰቡትን መሣሪያ የዝርዝር መግለጫ ገጽ ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልን፣ የሰዓቱን ዓይነት፣ የግፊቱን ወሰንና የሴንሰሩን ሞገድ አብረን አይተን እንነግርዎታለን።