ዘንዶዋ አልበላ ያለችው በምግቡ ሳይሆን በወለሉ ሙቀት ነበር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገና 3 ወር ያልሞላት ቦል ፓይተን የምትባል የዘንዶ ዝርያ አለችህ፣ ከመጣች 3 ሳምንት ሙሉ ምንም አልቀመሰችም፣ ማሞቂያውን ልጨምርላት ወይስ በሕይወት ያለ አይጥ ልስጣት ነው ያልከው። እባክህ ሁለቱንም አታድርግ። እኔም እንዳንተ ጨንቆኝ ማሞቂያውን ጨምሬ ነው እንስሳዬን ያቃጠልኳት።

1. የሳጥኗ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ክብ ቴርሞሜትር አትመነው። እሱ የሚለካው የተለጠፈበትን ግድግዳና አጠገቡ ያለውን አየር ነው። ዘንዶ ግን የምትተኛው ወለል ላይ ነው፣ በሆዷ። የእኔው ቴርሞሜትር 26 ይለኝ ስለነበር «በርዷት ነው» ብዬ ከሳጥኑ ሥር ያለውን የማሞቂያ ምንጣፍ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክቼ ተውኩት። ሙቀቱን የሚገድብለት ቴርሞስታት አልነበረውም። ስገዛ ሻጩን ጠይቄው «ለዚህች ትንሽ እባብ ምን ያደርግልሃል?» ነበር ያለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

በሦስተኛው ቀን ውሃዋን ልቀይር ብዬ አነሳኋት። ሆዷ ላይ ያሉት ሰፋፊ ነጭ ቅርፊቶች መሀላቸው ቡናማ ሆኗል። ጠርዛቸው ተቆልምሟል። ሁለቱ ውሃ ቋጥረዋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር ፈልጌ የሽቦውን ጫፍ ተኝታበት ከነበረው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። 46 ዲግሪ።

«ታዲያ ከተቃጠለች ለምን አልሸሸችም?» ትለኝ ይሆናል። እኔም ያንኑ ነው የጠየቅኩት። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው መደበቂያ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሙቁ ጎን ላይ። ለትንሽ ዘንዶ ሜዳ ላይ መጋለጥ ማለት መበላት ማለት ነው። ስለዚህ እየተቃጠለችም ከተደበቀችበት አልወጣችም። አንተም አሁኑኑ ሁለት መደበቂያ አድርግላት፣ አንዱን ሙቁ ጎን፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ጎን። ጠበብ ያለ ይሁን፣ ጎኗ ግድግዳውን ሲነካ ነው ደስ የሚላት።

ሕክምናው ሌላ ጣጣ ነበር። የመጀመሪያው ክሊኒክ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳቀችብኝና ዘጋችው። ሁለተኛው ጋ ሳጥኔን ታቅፌ ኮሪደር ላይ 2 ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ «እባብ አናክምም» ተባልኩ። ይህንን ስገባ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሳትታመም በፊት ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ፈልገህ ስልኩን ያዝ። እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት ሐኪም ቁስሉን አጥቦ፣ ቅባት አዞልኝ፣ ወለሉን በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ብቻ አስሸፈነኝ። ጠባሳው እየጠፋ የሄደው ቆዳ በቀየረች ቁጥር ጥቂት በጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህማ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ ሆዷ ትንሽ ቀላ ካለ እደነግጥ ነበር። ቆዳ ልትቀይር ስትል ሆዷ ሮዝ እንደሚመስል ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አንተ ካየኸው አትደንግጥ።

2. ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ሙቁ ጎን ወለሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ። ቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 27። ሌሊት ከ24 በታች አይውረድ። ማሞቂያውን ቴርሞስታት ይቆጣጠረው፣ አንተ ግን ወለሉን በሌላ ቴርሞሜትር ለይተህ ለካ። የሽቦውን ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር አታጣብቅ፣ ፕላስተሩ ከተላቀቀ ቆዳዋ ላይ ይጣበቅና ሲነሳ ይገሸልጣታል። ብርዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ዘንዶ የበላችውን የምትፈጨው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ነው። ከቀዘቀዘች ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበላሽና ታስመልሰዋለች። ካስመለሰች 2 ሳምንት አሳርፋትና ከበፊቱ ባነሰ አይጥ ጀምር። እርጥበቱ ደግሞ ከ55 እስከ 65 በመቶ ከሆነ ይበቃል።

3. ምግብ። ሙቀቱን ካስተካከልክ በኋላ 7 ቀን ተዋት። አታንሳት፣ ክዳኑን እየከፈትክ አትያት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትዕግሥት ያጣል፣ እኔም አጥቼ ነበር። በየቀኑ አይጥ እያቀረብኩ ጭንቀቷን ያባባስኩት ራሴ ነኝ። እምቢ ካለች ቢያንስ 5 ቀን ቆይተህ ነው እንደገና የምትሞክረው።

አይጡ ከሰውነቷ ወፍራም ቦታ ጋር የሚመጣጠን፣ ከክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን፣ በሳምንት አንድ። በሕይወት ያለ አትስጣት፣ አይጥ ጥርስ አለው፣ ያልራባት ዘንዶ ደግሞ ራሷን አትከላከልም። ሞቶ በረዶ የሆነውን አይጥ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አቅልጠህ፣ በላስቲክ ከረጢት ቋጥረህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተተው። ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ውስጡ ይበስላል፣ ይፈነዳልም። በተለይ ጭንቅላቱ ሞቅ ይበል፣ ወደ 38 ዲግሪ። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሙቀት ይለያሉ፣ በጨለማ አይጡን የምታገኘው በእነሱ ነው። የቀዘቀዘ አይጥ ለእሷ እንደ ድንጋይ ነው።

የእኔዋ የበላችበትን ማታ አልረሳውም። 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። መብራቱን አጥፍቼ አይጡን በረጅም ወረንጦ ይዤ ከመደበቂያዋ ደጃፍ ላይ በቀስታ አወዛወዝኩት። መጀመሪያ ምላሷ ብቻ ወጣ። ከዚያ አንገቷ እንደ ኤስ ፊደል ታጠፈ። ሲመነጨቅ ወረንጦው ከእጄ ሊወጣ ነበር! ሦስት ዙር ተጠምጥማበት ሳያት ትንፋሼን ይዤ ነው የቆምኩት። ከበላች በኋላ 48 ሰዓት አልነካኋትም። አንተም እንደዚያው አድርግ። ዓይኗ ሰማያዊ ደመና የለበሰ ከመሰለ ግን ቆዳ ልትቀይር ነውና ምግብ አታቅርብላት።

3 ሳምንት አለመብላቷ ብቻውን አይገድላትም። የኩሽና ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ መዝናትና ጻፈው። ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስና አፍንጫዋ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰዳት። የእኔዋ ስትመጣ 72 ግራም ነበረች፣ ወርዳ ወርዳ 67 ደረሰች። አሁን 2 ዓመቷ ነው፣ ባለፈው እሑድ 890 ግራም መዘነች።

ዛሬ ማታ መደበቂያዋን አንስተህ የወለሉን ሙቀት ለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ። ከ34 በላይ ከሆነ መልሴን ሳትጠብቅ ማሞቂያውን ንቀል።