በህንድ የተሰጠ ፓተንት፦ መብቱ እስከ የት ነው፣ ግዴታውስ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ፒያሳ ነው። በህንድ ኮይምባቶር ከተማ ከሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለአነስተኛ ገበሬዎች የሚሆን፣ በእጅ የሚዞር የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ሠርተን፣ በሁለታችን ስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የህንድ ፓተንት ተሰጥቶናል። ባልደረባዬ እዚያው እያመረተ ይሸጣል፤ ከትርፉ ግን ምንም አላካፈለኝም። በቅርቡ ደግሞ ሌላ አምራች ማሽኑን አስመስሎ እየሸጠ መሆኑን ሰማሁ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? አዲስ አበባ ተቀምጬስ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ የህንድ የ1970 የፓተንት ሕግ በአንቀጽ 48 ለባለፓተንት የሚሰጠው በዋናነት የመከልከል መብት ነው። ፈጠራው ምርት ከሆነ፣ ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በህንድ ግዛት ውስጥ ምርቱን እንዳይሠራ፣ እንዳይጠቀምበት፣ ለሽያጭ እንዳያቀርብ፣ እንዳይሸጥ ወይም ለእነዚህ ዓላማዎች ወደ አገሪቱ እንዳያስገባ ማስከልከል ይቻላል። መብቱ የሚጸናው ለ20 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ እንጂ ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን አይደለም።

ባልደረባዎን በተመለከተ መልሱ ደስ የሚያሰኝዎት አይመስለኝም። በአንቀጽ 50 መሠረት ፓተንት ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በጋራ ሲሰጥ፣ በመካከላቸው ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ እያንዳንዳቸው እኩል ድርሻ ይኖራቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ለሌላው ሒሳብ ሳያቀርቡ ፈጠራውን ለራሳቸው ጥቅም ማዋል ይችላሉ። ስለዚህ ባልደረባዎ ማሽኑን አምርቶ መሸጡና ትርፉን ለብቻው መያዙ፣ ከወዳጅ የማይጠበቅ ቢሆንም፣ በራሱ ሕግ መጣስ አይደለም። ሊያደርግ የማይችለው፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን የማምረት ፈቃድ መስጠት ወይም ድርሻውን ለሌላ ማስተላለፍ ነው። አስመሳይ ያሉት አምራች ከባልደረባዎ ፈቃድ አግኝቻለሁ የሚል ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ክስ ከመሄድዎ በፊት ይህንን ያጣሩ። ስለ ትርፍ ክፍፍል የተጻፈ ውል ከሌላችሁም አሁን መዋዋል ይቻላል፤ ባልደረባዎ ንግዱን በፈቃድ ሽያጭ ላስፋ ባለ ጊዜ ሁሉ የእርስዎ ፊርማ ስለሚያስፈልገው፣ ባዶ እጅዎን ወደ ድርድር አይቀርቡም።

አስመሳዩ በእርግጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ፣ ክሱ የሚቀርበው ከአውራጃ ፍርድ ቤት ለማያንስ የህንድ ፍርድ ቤት ነው፤ ተከሳሹ በበኩሉ ፓተንቱ ይሰረዝልኝ ካለ ጉዳዩ ወደ ክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይዛወራል። ፍርድ ቤቱ እገዳ ሊሰጥ፣ በከሳሽ ምርጫም ካሳ ወይም ተከሳሹ ያገኘውን ትርፍ ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን ተከሳሹ ፓተንት መኖሩን እንደማያውቅና ለማወቅም በቂ ምክንያት እንዳልነበረው ካስረዳ፣ በአንቀጽ 111 መሠረት ካሳና ትርፍ ከመክፈል ይድናል። በማሽኑ ጎን የምትለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ «ፓተንት ያለው» ብላ ብቻ ከቆመች ይህንን መከላከያ አታፈርስም፤ የፓተንቱ ቁጥር አብሮ መጻፍ አለበት። ባልደረባዎ ነገ ጠዋት ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው።

ግዴታውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ መቀመጥ ከምንም ነፃ አያወጣም። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የሚከፈለው የማደሻ ክፍያ፣ የስድስት ወር ማራዘሚያውም አልፎ ካልተከፈለ ፓተንቱ ይቋረጣል፤ እንዲመለስ ማመልከት የሚቻለው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ18 ወር ውስጥ ብቻ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን በአንቀጽ 146 የተደነገገውንና በቅጽ 27 የሚቀርበውን መግለጫ ነው። ባለፓተንቱ ፈጠራው በህንድ ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን፣ ካልዋለም ምክንያቱን ለፓተንት መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው ደንብ ይህንን በየሦስት የበጀት ዓመቱ አንድ ጊዜ አድርጎታል። የህንድ የበጀት ዓመት በሚያዝያ (ኤፕሪል) 1 ስለሚጀምር፣ የእናንተ የመጀመሪያ ዘመን ከሚያዝያ 2024 እስከ መጋቢት (ማርች) 31 ቀን 2027 ሆኖ፣ መግለጫው የሚቀርበው እስከ መስከረም (ሴፕቴምበር) 30 ቀን 2027 ነው። ሁሉም ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ቅጽ ተራ የቢሮ ወረቀት አይደለም። ፓተንቱ ከተሰጠ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የሕዝቡ ፍላጎት በሚገባ ካልተሟላ፣ ዋጋው አቅምን ያላገናዘበ ከሆነ ወይም ፈጠራው በህንድ ግዛት ሥራ ላይ ካልዋለ፣ ማንኛውም ፍላጎት ያለው ሰው በአንቀጽ 84 መሠረት አስገዳጅ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2012 የሆነውም ይኸው ነው። የጀርመኑ ባየር ኔክሳቫር የተሰኘውን የካንሰር መድኃኒት ለአንድ ወር በ280,000 ሩፒ ገደማ ይሸጥ ነበር፤ የህንዱ ናትኮ በ8,800 ሩፒ አቀርባለሁ ብሎ ጠየቀ፤ የፓተንት ተቆጣጣሪውም የባየርን ፈቃድ ሳይጠብቅ ፈቀደለት። ለባየር የተወሰነለት ከሽያጩ 6 በመቶ ሲሆን፣ በይግባኝ ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በእኔ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ ባለፓተንቶች ደጋግመው ሊያነቡት የሚገባው ይህ ክፍል ነው። በእናንተ በኩል ባልደረባዎ ማምረቱ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ የእሱ ሽያጭ ፓተንቱ ሥራ ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ነው።

የህንዱ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ ኃይል የለውም። እዚህ አዲስ ማመልከቻ ላቅርብ ቢሉም፣ ፈጠራው በህንድ ስለታተመ አዲስነቱን አጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የተፈቀደው አስገቢ ፓተንት (በውጭ አገር ፓተንት ለተሰጠው ፈጠራ እዚህ የሚሰጥ ፓተንት) ለእናንተ ይሠራ እንደሆነ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ የማሽነሪ መደብር አለኝ። የህንድ አቅራቢዬ በሽያጭ ውላችን ላይ «ማሽኑ ፓተንት ስላለው የሞተር ዘይቱንም ከእኛ ብቻ ትገዛለህ» የሚል ሐረግ አስገብቷል። ይህ ያስገድደኛል?

መልስ፦ ውላችሁ በህንድ ሕግ የሚገዛ ከሆነ አያስገድድዎትም። አንቀጽ 140 ፓተንት ያለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ፓተንት የሌለውን ሌላ ዕቃ ከሻጩ ብቻ እንዲገዛ የሚያስገድድ የውል ቃል ሕገወጥና ፈራሽ ያደርገዋል። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሐረግ ባለው ውል የታሰረ ባለፓተንት ፓተንቴ ተጣሰ ብሎ ቢከስ፣ ተከሳሹ ያንኑ ውል መከላከያ አድርጎ ሊያቀርብበት ይችላል። ለጥንቃቄ የፓተንቱን ቁጥር ይጠይቁት፤ የህንድ ፓተንት መሥሪያ ቤት መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚታይ፣ ክፍያው ታድሶ አሁንም የጸና መሆኑን ከመደብርዎ ሳይወጡ ማረጋገጥ ይችላሉ።