«ሐሺሽ» በየትኛው «ሀ» ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «ሀሺሽ»፣ «ሃሽሽ»፣ «ሐሺሽ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ትክክሉ የትኛው ነው? ከጣሊያንኛ መጣ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ በሐመሩ «ሐ» ይጻፍ። «ለባዕድ ቃል ሃሌታው ይበቃዋል» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን «መሐመድ»ን በሐመሩ ይጽፋሉ፤ የዐረብኛው «ሐሺሽ»ም የሚጀምረው በዚያው የጉሮሮ ድምፅ ነው። ትርጉሙ ድርቆሽ፣ ደረቅ ሣር ነው። ቅርጹም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንደ «ሐዲስ» እና «ጠቢብ» ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ሳድስ ነው። ስለዚህ መነሻውን ራብዕ፣ መካከሉን ሳድስ ያደረገው «ሃሽሽ» ሁለት ጊዜ ስቷል።

ጣሊያንኛውን እንተወው። ጣሊያኖች «ሀ»ን ይጽፏታል እንጂ አያሰሟትም፤ ከእነሱ ብንወስደው ኖሮ «አሺሽ» እንል ነበር። ስፔኖች «ሽ» ስለሌላቸው «አቺስ» ይላሉ፤ ግሪኮችም በዚሁ ምክንያት «ኻሲስ»። ሩሲያኛ «ሀ»ን በ«ገ» ተክቶ «ጋሺሽ» አድርጎታል። ፈረንሳይኛ ደግሞ «ሀ»ን ባያሰማትም መስተኣምሩን (ከስም ፊት የሚገባውን «ለ») ከቃሉ ጋር አያጣብቅም፤ የዋጣት ፊደል ቦታዋን አልለቀቀችም ማለት ነው። «ሀ» በደንብ የሚሰማው በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ነው። በድምፅ ብቻ እንግሊዝኛን ማስወጣት እንደማይቻል አምናለሁ፤ ግን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መድረስ ለሚችል ቃል ለንደን መዞር ምን አመጣው?

ከዚሁ ሥር የወጣ ሌላም አለ፦ የጣሊያንኛው «አሳሲኖ»፣ የእንግሊዝኛው «አሳሲን»፣ ነፍሰ ገዳይ። ፈረንሳዊው ሲልቨስትር ደ ሳሲ በ1809 እ.ኤ.አ. ቃሉን «ሐሺሺያ» ከሚለው የዐረብኛ መጠሪያ ጋር አያይዞታል። በዚህ ስም የተጠሩት ከሺዓ እስልምና ቅርንጫፎች አንዱ የሆኑት ኒዛሪ ኢስማዒሊዎች ናቸው፤ ሐሺሽ ወስደው ይገድሉ ነበር የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የለውም። ስሙ ባላንጣዎቻቸው የለጠፉባቸው ስድብ ነበር።

በጥብቅ ከተያዘ ሐሺሽ የካናቢስ ሙጫ ነው፤ ቅጠሉ አይደለም። አማርኛ ግን ለማንኛውም አደንዛዥ ዕፅ አውሎታል፤ ቢያስከፋኝም የሚመለስ አይመስለኝም። ጋዜጦቹም በሃሌታው ጸንተዋል፤ «ሀሺሽ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ባይቀነስበት አልቃወምም። «ሃሽሽ» ላለው ግን ይቀነስበት።