እርከኑ ለምን አይከርምም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ነኝ። ገበሬው በየዓመቱ ጥርና የካቲት ወጥቶ እርከን ይሠራል። ክረምቱ ሲያልፍ ግማሹ ፈርሶ እናገኘዋለን። ቦረቦሩም እየሰፋ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከየት ነው የጀመራችሁት? እኔ በወጣትነቴ ከታች ጀመርኩ። ዓይን የሚገባው ቦረቦሩ ነዋ። ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር በቦረቦሩ ውስጥ አቋርጠን ሠራን። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሄድኩ። ክትሩ ምንም አልሆነም። ጎርፉ ግን በጎኑ ዞሮ ዳሩን በልቶታል። ድንጋዩን ግራና ቀኝ ዳርቻው ውስጥ ቆፍረን አላስገባነውም። መሃሉንም ዝቅ አድርገን ውሃው የሚያልፍበት ማስተንፈሻ አልተውንለትም።

ስለዚህ ከተራራው አናት ጀምሩ። ላይ የወረደው ዝናብ እዚያው ከሰረገ ታች የሚደርሰው ጎርፍ ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ቦረቦሩ ውረዱ። የላይኛው ክትር ግርጌ ከታችኛው ክትር ማስተንፈሻ ጋር እኩል ይሁን። በውሃ ልክ ለካ እንጂ በዓይንህ አትገምት።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን ብዙ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ አፈረሰው። አልፈርድበትም። እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ወስዶበታል፣ በሬ ማዞር ከልክሎታል፣ አይጥ አራብቶበታል። በምትኩ የሰጠው ነገር አልነበረም።

አንዲት እናት ግን ከዝናብ በኋላ አካፋ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ማንም አላዘዛቸውም። እርከናቸው ጠርዝ ላይ ደሾ ሳር ተክለዋል፤ ላማቸው የምትበላው እሱን ነው። አፈሩ ሲናድ ሳሩም አብሮ ይሄድባቸዋል።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ነው የጉድጓድ ውሃቸውን የመለሱት። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተውበታል።

እናንተም ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ከተከለለው መሬት ሳሩን ማን ያጭዳል? መቼ? መሬት የሌለው ወጣት ምን ይደርሰዋል? ከብት ያስገባ ስንት ይቀጣል? ሴቶቹም ይናገሩ፤ መኖ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያዙት። ጥር ሳይገባ የደረሳችሁበትን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።