47 ኪዩብ ውሃ የት ገባ?

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ናቸው። እስካሁን በወር 10 ኪዩብ አካባቢ ነበር የሚመጣባቸው። የዚህ ወር ቢል ላይ ግን 47 ኪዩብ ተጽፎ መጣ። ያለፈው ንባብ 1,284፣ የአሁኑ 1,331። «ሄጄ ልከራከር ወይስ ዝም ብዬ ልክፈል?» ነው ያለችው።

እህቴ፣ ሁለቱንም ቆይ በያቸው። በመጀመሪያ ወደ ቆጣሪሽ ሂጂ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። እንዲህ ዓይነት ቢል ሁለት ጊዜ ደርሶብናል። አንዱ የንባብ ስህተት ነበር። ሌላው ግን የእኛው ውሃ ነበር፤ ፈሶ ያለቀ። ሁለቱም ቢሎች ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ቆጣሪው ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን የምንጣላው ከብሩ ጋር ነው። «ይህን ያህል ብር እንዴት ይመጣል?» ብለን መስኮት ላይ እንጮኻለን። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ነው የምታየው፤ ምንም ልታደርግልን አትችልም። ብሩ የሚሰላው ከኪዩቡ ነው። ኪዩቡ የሚመጣው ከሁለት ንባብ ልዩነት ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ «ለምን በዛ?» አይሁን። «1,331 የሚለው ቁጥር ቆጣሪዬ ላይ አለ ወይ?» ይሁን። በስልክ ስንከፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናየው ድምሩን ብቻ ነው። ንባቡን ጠይቀሽ ማግኘትሽ ጥሩ አድርገሻል።

እስቲ 47 ኪዩብ ምን ያህል እንደሆነ እንየው። አንድ ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ማለት ነው። 47 ኪዩብ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 78 ጀሪካን ይሆናል። ሦስት ሰው 78 ጀሪካን አይጨርስም። ስለዚህ ወይ አልመጣም፣ ወይ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ የሌላ ወር ውሃ ተደምሮበታል።

አሁን ቆጣሪውን ክፈቺ። እርጥብ ጨርቅና የስልክሽን መብራት ያዢ። የእኛ ቆጣሪ በር አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ክዳኑን ሳነሳ መስታወቱ ጭቃ ለብሶ ነበር። ጠርጌው እንኳ ከውስጥ ጉም ይዞት ስለነበር ተንበርክኬ ነው ያነበብኩት። አብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ኪዩብ ናቸው። ቀዮቹ ከኪዩብ በታች ያለውን፣ ማለትም ሊትሩን ያሳያሉ። ቢል የሚሠራው በጥቁሮቹ ነው። የቆጣሪውን መለያ ቁጥርም አይተሽ ከቢልሽ ጋር አስተያዪው። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ይህን አትዝለይው። ቆጣሪዎች ተደርድረው ሲቀመጡ የአንዱ ቤት ቆጣሪ በሌላው ስም የተመዘገበበት አጋጣሚ አለ። የቤትሽን ቧንቧ ከፍተሽ የትኛው ቆጣሪ እንደሚዞር ብታዪ ይለያል።

ዛሬ የምታነቢው ከ1,331 በታች ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቆጣሪ ወደኋላ አይሄድምና ቢሉ ተሳስቷል። የእኛ የመጀመሪያው እንዲህ ነበር። ያለፈው 612፣ የአሁኑ 681 ተብሎ 69 ኪዩብ መጣ። እኔ በሳምንቱ ሳነብ ገና 635 ላይ ነው። ቢሉ ሲሠራ 631 ነበር ማለት ነው፤ 3ቷ በጭቃው ውስጥ 8 መስላ ታይታለች። ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። ሰው ልከው አይተው አስተካከሉት። 69ኙ 19 ሆነ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየሳምንቱ መስታወቱን ታስጠርጋለች።

ከ1,331 በላይ ከሆነ ግን፣ ቆጣሪው ራሱ ካልታመመ በቀር፣ ውሃው በቆጣሪሽ አልፏል። ቀጣዩ ጥያቄ የት እንደሄደ ነው።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ። ሮቶው ሞልቶ መቆሙን እዪ። ቀዮቹን ቁጥሮች ጨምረሽ ፎቶ አንሺ። ጠዋት ማንም ፊቱን ሳይታጠብ እንደገና አንሺ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚፈስ ነገር አለ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ይህን ውሃ በመጣበት ቀን ነው የምታደርጊው። በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ፣ ውሃ በሌለበት ሌሊት ቆጣሪው መቆሙ ምንም አይነግርሽም። እኔ በዚህ ተሳስቼ «ቤታችን ደህና ነው» ብዬ ሦስት ሳምንት አባክኛለሁ።

ያ ሁለተኛው ታሪካችን ነው። 58 ኪዩብ መጣብን። ንባቡ ትክክል፣ ቧንቧ የሚንጠባጠብ የለ። በመጨረሻ ያወቀችው እናቴ ናት። የካቲት ነበር፤ ግቢው ሣር ሁሉ ደርቆ ገለባ መስሏል። ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ያለችው ጥግ ብቻ ለምልማለች። «ይቺ ሣር ከየት ጠጥታ ነው?» አለችኝ። በእጄ ስነካው አፈሩ ጭቃ ነው። ቀና ስል የሮቶው ትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦ እዚያው ላይ ነው የሚወርደው። ውሃ ወደኛ ሰፈር የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሮቶው ሲሞላ መዝጋት የነበረባት ተንሳፋፊ ኳስ ተሰንጥቃ ውሃ ገብቶባት ሰጥማለች። ስለዚህ በሌሊት ይሞላል፣ ይተርፋል፣ እስኪነጋ ከአጥሩ ሥር ይፈሳል። ሁላችንም ተኝተናል። ስንነሳ ፈረቃው አልፎ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። እኔ ደግሞ ቆጣሪውን ስፈትሽ የነበረው ውሃ በማይመጣባቸው ሌሊቶች ነበር። ኳሷ ስትቀየር ወጪው ከዚያ ቢል ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ያን ቢል ከፈልነው፤ የእኛ ውሃ ነውና። በአንድ ጊዜ ስለከበደን ግን በሦስት ጊዜ እንድንከፍል በጽሑፍ ጠይቀን ተፈቀደልን።

ስለዚህ ሮቶ ካላችሁ ከሮቶው ጀምሪ። ክዳኑን አስከፍተሽ ኳሷን ከፍ ስታደርጊያት ውሃው መቆሙን እዪ። ቀጥሎ ሽንት ቤት። እዚያ ያለው መፍሰስ ድምፅ የለውም፤ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ሊወስድ ይችላል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ካለሽ ከላይ ያለው ታንከር ውስጥ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይለቀው አድርጊ። ታች መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ጎማው ያስተላልፋል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም ካለ አትናቂው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ አድርጊና ሰዓት ያዢ። በ10 ደቂቃ ከሞላ በቀን 72 ሊትር ነው፤ በወር ሁለት ኪዩብ ያልፋል። ለ47 ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ሌላው የተለመደው ውሃ ሲጠፋ ክፍቱን የሚረሳ ቧንቧ ነው። ይከፍቱታል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጉት ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ቀን ውሃው ሲመጣ ቤት ሰው የለም። ልጆች ካሉ ይህን በደንብ ጠይቂያቸው።

ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ዘግተሽም እዪ። ዘግተሽው ቆጣሪው አሁንም የሚዞር ከሆነ፣ ቫልቩ እየያዘ አይደለም፤ ወይ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል ያፈሳል፤ ወይ ቆጣሪው ራሱ ታሟል። ከቆመ መፍሰሱ ከቫልቩ ወደ ቤት ባለው መስመር ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራትሽ በፊት ይህን ካወቅሽ ግቢው በከንቱ አይቆፈርም።

ቆጣሪውን ከጠረጠርሽ በጀሪካን መፈተን ይቻላል። ሌላ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ አሥር ጀሪካን ቅጂ። ቀዩ ቁጥር 200 አካባቢ መጨመር አለበት። እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን ከ20 ትንሽ ስለሚበልጥ ጥቂት ልዩነት አያስደንግጥሽ። 300 ከጨመረ ግን «ቆጣሪው ይፈተሽልኝ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አየርም አለ። ውሃ ቆይቶ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ «ፍስስ» ይላል፤ ያን ጊዜ ቆጣሪው ሲሽከረከር አይቻለሁ። አየሩ ቆጣሪ ያዞራል። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧዎችን ዘግቶ መጠበቅ ይህንን ይቀንሳል። 37 ኪዩብ ትርፍ ግን አየር ብቻ ያመጣዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ሰው ብዙም ወደማያየው ነገር ልምጣ። የውሃ ዋጋ በእርከን ነው የሚጨምረው። የመጀመሪያዎቹ ኪዩቦች ርካሽ ናቸው፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር እያንዳንዱ ኪዩብ ይወደዳል። ለዚህ ነው ኪዩቡ አምስት እጥፍ ሲሆን ብሩ ከአምስት እጥፍ በላይ የሚዘለው። በር ተዘግቶበት ወይ ውሻ ፈርቶ አንባቢው ለጥቂት ወራት ሳይገባ ቀርቶ፣ ቢሉ በግምት ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ፣ ሲገባ የሁሉም ወር ትርፍ በአንድ ወር ላይ ይወድቃል። ውሃው የአንቺ ነው፤ ዋጋው ግን የአንቺ አይደለም። አራት ጊዜ 10 ኪዩብና አንድ ጊዜ 40 ኪዩብ እኩል ብር አይደሉም። ያለፉትን ቢሎችሽን አውጥተሽ እዪ። በየወሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተደጋገመ ግምት ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ «በየወሩ ተከፋፍሎ እንደገና ይሰላልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ልመና አይደለም።

ተከራዮችም የሚጎዱት በዚሁ እርከን ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ቆጥቦም ድምሩ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ጥቂት ውሃ የሚጠቀሙት እናት ልብስ አጣቢ ማሽን ያለው ጎረቤታቸው በሚከፍለው ዋጋ ይከፍላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቢያንስ ባለቤቱ ቢሉን ራሱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ድምር አትቀበሉ።

ቅርንጫፍ ስትሄጂ የቆጣሪውን ፎቶ፣ መለያ ቁጥሩ የሚታይበትን፣ የበፊት ቢሎችሽንና አጭር ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ያዢ። እኔ የጻፍኩት ከዚህ አይበልጥም፦ «በዚህ ወር ቢል የአሁን ንባብ ተብሎ የተመዘገበው 681 ነው። ቆጣሪው ዛሬ የሚያሳየው 635 ነው። ፎቶ አያይዣለሁ። በአካል ተጣርቶ እንዲስተካከልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ገንዘብ መክፈያው ጋ አትሰለፊ፤ ቅሬታ የሚቀበለውን ጠይቂ። ማመልከቻሽ ገቢ ሲሆን ቁጥሩና ቀኑ በአንቺ ቅጂ ላይም ይጻፍ። ቢሉ ላይ ሌሎች መስመሮችም አሉ፤ የቆጣሪ ኪራይ፣ የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ፣ ውዝፍ። የቆየ ውዝፍ ገብቶበት እንደሆነ በዚያው እዪ። እስኪጣራ ድረስ ምን ያህል መክፈል እንዳለብሽም እዚያው ጠይቂ፤ ዝም ብለሽ ብትቆዪ ውዝፍ ሆኖ ይከማቻል።

ዛሬ ውሃ ካለ ማታውኑ ጀምሪ። ጥቁሩንም ቀዩንም ቁጥር ጻፊልን፤ ከ1,331 በላይ ይሁን በታች እንወቀውና ቀጥሎ የት እንደምትፈልጊ አብረን እናያለን።